«አልፈዋል» ከተባለ በኋላ የሚመጣው የኢንሹራንስ ሂሳብ

ለንደን ውስጥ የመንጃ ፈቃድ የተግባር ፈተና የወሰድኩበትን ቀን ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ማለፌ አይደለም፡፡ መኪናውን ፈተና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አቁሜ ሞተሩን እንዳጠፋሁ ፈታኙ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አልፈዋል» አለኝ፡፡ አዲስ አበባ ላይ አሥራ አንድ ዓመት መሪ ጨብጬ ኖሬ፣ አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ እንደገና «ለማጅ» ተብዬ፣ በነጭ ላይ በቀይ የተጻፈውን «ኤል» ፊደል ከፊትና ከኋላ ለጥፌ ስዞር ለከረምኩት ለእኔ ደስታው ቀላል አልነበረም፡፡ ፊደሎቹን ነቅዬ ጣልኩና ባለቤቴን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ቤት ልነዳ ቁልፉን አዞርኩ፡፡

«ኢንሹራንሱስ?» አለችኝ፡፡

«መኪናው ኢንሹራንስ አለው አይደለም እንዴ?»

«መኪናውማ አለው፡፡ የሌለህ አንተ ነህ፡፡»

ሞተሩን አጥፍቼ ኢንሹራንስ ኩባንያው ዘንድ ደወልኩ፡፡ ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ውሉን ከፍታ ካየች በኋላ ነገሩን በአጭሩ ነገረችኝ፡፡ በውሉ ላይ የተመዘገብኩት በለማጅ መንጃ ፈቃድ፣ ሌላ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ እንድነዳ ነው፡፡ አሁን ሙሉ መንጃ ፈቃድ ያለኝ ሰው ስለሆንኩ ሂሳቡ እንደገና መሠራት አለበት፡፡ ተጨማሪ ክፍያ አለው፡፡ ክፍያው ተፈጽሞ ውሉ እስኪስተካከል ድረስ ግን ሽፋን የለኝም፡፡ ያን ቀን ወደ ቤት የነዳችው ባለቤቴ ነበረች፡፡ እኔ የማለፊያ ወረቀቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ከጎኗ ተቀመጥኩ፡፡

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ እንግሊዝ የሚመጡ ወዳጆቼም፣ ልጆቻቸው እዚህ ያደጉላቸው ዘመዶቼም ይህንኑ ጥያቄ ደጋግመው ጠይቀውኛል፡፡ ፈተና ማለፍ ችሎታን ማረጋገጫ ከሆነ፣ ኢንሹራንስ እንዴት ይወደዳል? መቀነስ አልነበረበትም ወይ? በዚህ ጽሑፍ የታላቋን ብሪታንያ አሠራር መሠረት አድርጌ ይህንን ለማብራራት እሞክራለሁ፡፡

መኪናውን ወይስ ሰውየውን?

እኛ አገር ስለ መኪና ኢንሹራንስ ስናስብ የምናስበው መኪናውን ነው፡፡ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 559/2000፣ በኋላም እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ከሆነ ወዲህ ስቲከሩ መስታወት ላይ ይለጠፋል፡፡ ትራፊክ ፖሊስም የሚያየው ስቲከሩን ነው፡፡ አረቦኑም፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ዋጋ፣ በዋናነት የሚወሰነው በተሽከርካሪው ዓይነትና በሚሰጠው አገልግሎት ነው፡፡ ስለዚህ «መኪናው ኢንሹራንስ አለው» ብሎ ቁልፍ ለወንድም ወይም ለጓደኛ ማቀበል የተለመደ ነው፡፡

ብሪታንያ ውስጥ ይህ ልማድ ሰውን ችግር ውስጥ ይከታል፡፡ እዚያ ኢንሹራንስ የሚጠይቀው ጥያቄ «የቱ መኪና?» ብቻ አይደለም፡፡ «ማን ነው የሚነዳው? ዕድሜው ስንት ነው? የየትኛው መንጃ ፈቃድ ባለቤት ነው? ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ነው፡፡ ስሙ በውሉ ላይ ያልሰፈረ ሰው፣ ወይም ስሙ ሰፍሮ የመንጃ ፈቃዱ ዓይነት የተለወጠበት ሰው፣ ያንኑ መኪና ሲነዳ ያለ ኢንሹራንስ እየነዳ ሊሆን ይችላል፡፡ መስታወት ላይ የሚለጠፍ የኢንሹራንስ ምልክትም የለም፡፡ ፖሊስ የሰሌዳ ቁጥር አንባቢ ካሜራ አለው፡፡ ካሜራው ከኢንሹራንስ የመረጃ ቋት ጋር የተገናኘ ስለሆነ መኪናው ገና ሲያልፍ ነገሩ ይታወቃል፡፡

ለማጅ ኢንሹራንስ የሚያገኝባቸው መንገዶች

የለማጅ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው መኪና መንዳት የሚችለው ከ17 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ነው፡፡ ከጎኑ የሚቀመጠው ሰው ቢያንስ 21 ዓመት የሞላውና ሙሉ መንጃ ፈቃድ ካገኘ ቢያንስ 3 ዓመት የሆነው መሆን አለበት፡፡ አንዳንድ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይህን ዕድሜ ወደ 25 ከፍ ያደርጉታል፡፡ በዚህ ሁኔታ የሚነዳ ለማጅ ከሚከተሉት በአንዱ ይሸፈናል፡፡

አንደኛው የማሽከርከር ትምህርት ቤቱ መኪና ነው፡፡ ኢንሹራንሱ የአስተማሪው ስለሆነና ዋጋው በትምህርቱ ክፍያ ውስጥ ስለተካተተ ተማሪው የሚያስብበት ነገር የለም፡፡

ሁለተኛው በቤተሰብ መኪና ውል ላይ በተጨማሪ አሽከርካሪነት መመዝገብ ነው፡፡ እኔ የመረጥኩት ይህንን ነበር፡፡ ችግሩ ለማጁ አደጋ ቢያደርስ የባለቤቱ የቅናሽ ታሪክ ይበላሻል፡፡

ሦስተኛው ለለማጅ ብቻ የተዘጋጀ የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስ ነው፡፡ ለቀናት፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይገዛል፡፡ ብዙውን ጊዜ መኪናው ካለው ዋና ውል በላይ ተደርቦ የሚቆም ስለሆነ ለማጁ ቢያጋጭ የባለቤቱን የቅናሽ ታሪክ አይነካም፡፡

አራተኛው ለማጁ የራሱን መኪና ገዝቶ በራሱ ስም የዓመት ውል መግባት ነው፡፡

ባለፉባት ደቂቃ ምን ይሆናል?

በብሪታንያ ሕግ ፈተናውን ያለፈ ሰው ካርዱ እስኪደርሰው መጠበቅ የለበትም፡፡ በማለፊያ ወረቀቱ ወዲያው ብቻውን መንዳት ይችላል፡፡ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፡፡ መንጃ ፈቃዱ ቢፈቅድለትም ኢንሹራንሱ ገና አልፈቀደለትም፡፡

የለማጅ የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ውሎች ሽፋኑ ፈታኙ «አልፈዋል» ካለበት ቅጽበት ጀምሮ ያበቃል ይላሉ፡፡ የሁለት ወር ሂሳብ ተከፍሎ አንድ ወር ቢቀርም ለውጥ የለውም፤ የቀረው ገንዘብ ተመላሽ መሆን አለመሆኑም እንደ ውሉ ነው፡፡ ወደ ፈተናው በራሱ መኪና የመጣ ሰው ወደ ቤት ለመንዳት ሌላ ውል ያስፈልገዋል ማለት ነው፡፡

በቤተሰብ ውል ላይ የተመዘገበ ወይም የራሱ የዓመት ውል ያለው ከሆነ ውሉ አይቋረጥም፡፡ ነገር ግን የመንጃ ፈቃዱ መለወጥ ለኩባንያው መነገር ያለበት ለውጥ ነው፡፡ አንዳንዱ ኩባንያ ለጥቂት ቀናት ጊዜ ይሰጣል፡፡ አንዳንዱ ደግሞ እንደኔው ኩባንያ እስኪስተካከል ድረስ መንዳት አይፈቅድም፡፡ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ከውሉ ላይ ብቻ ነው፡፡

በትምህርት ቤት መኪና የተፈተነ ሰው ከሁሉም ይሻላል፡፡ አስተማሪው ቤቱ ያደርሰዋል፤ እሱም ተረጋግቶ ኢንሹራንስ ይፈልጋል፡፡

ሳያውቁ ቢነዱስ?

ያለ ኢንሹራንስ ሲነዳ የተያዘ ሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሲያልቅ ቅጣቱ 300 ፓውንድና በመንጃ ፈቃዱ ላይ 6 የቅጣት ነጥብ ነው፡፡ ፍርድ ቤት ከደረሰ የገንዘቡ ቅጣት ገደብ የለውም፤ ነጥቡም እስከ 8 ይደርሳል፤ መንጃ ፈቃድም ሊታገድ ይችላል፡፡ ፖሊስ መኪናውን የመያዝ ሥልጣንም አለው፡፡

ለአዲስ አሽከርካሪ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራው ነጥቡ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውና ከ1997 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአዲስ አሽከርካሪዎች ሕግ ፈተና ካለፈ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው 6 ነጥብ ከደረሰበት መንጃ ፈቃዱ እንደሚሰረዝ ይደነግጋል፡፡ ሰውየው ወደ ለማጅነት ይመለሳል፤ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና እንደገና ይወስዳል፡፡

ይህንን ከእኔ ታሪክ ጋር ያገናኙት፡፡ ያን ቀን ባለቤቴ ባትጠይቀኝ ኖሮ፣ ከፈተና ጣቢያው እስከ ቤታችን ባለው የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ አንድ የፖሊስ መኪና ብቻ በቂ ነበር፡፡ በጧት ያገኘሁትን መንጃ ፈቃድ በዚያው ቀን ባደረግኩት ጥፋት ባጣሁ ነበር፡፡ ጥፋቱም በመዝገቡ ላይ አራት ዓመት ይቆያል፡፡ በእነዚያ ዓመታት ኢንሹራንስ የጠየቅኩት ኩባንያ ሁሉ ዋጋውን ሲተምን ይህንኑ ይቆጥረዋል፡፡

አደጋ ቢደርስ ደግሞ የባሰ ነው፡፡ የተጎዳው ሦስተኛ ወገን በሕግ ካሳውን ከኢንሹራንስ ኩባንያው ወይም እ.ኤ.አ. በ1946 ከተቋቋመው የሞተር ኢንሹራንስ ሰጪዎች ቢሮ ያገኛል፡፡ የከፈለው ወገን ግን ዞሮ ሾፌሩን «መልስ» ሊለው ይችላል፡፡

ዋጋው ለምን ይጨምራል?

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፡፡ በፈተናው ቀን ጧት የነበረው ሰውና ከሰዓት በኋላ የነበረው ሰው ያው ነው፡፡ እጁ አልተለወጠም፤ ዓይኑ አልተለወጠም፡፡ የተለወጠው ከጎኑ ተቀምጦ የነበረው ሰው መውረዱ ነው፡፡

ለማጅ ከጎኑ «ቀስ በል»፣ «መስታወት እይ»፣ «እሱ ቅድሚያ አለው» የሚል ሰው አለ፡፡ የሚነዳውም ባብዛኛው በቀን፣ በሚያውቀው ሰፈር ነው፡፡ በፈጣን አውራ ጎዳናዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2018 ጀምሮ የተፈቀደለት ፈቃድ ካለው አስተማሪ ጋር፣ ተጨማሪ ፍሬን ባለው መኪና ሲሆን ብቻ ነው፡፡ ፈተናውን ያለፈ ቀን እነዚህ ሁሉ ይነሳሉ፡፡ ብቻውን፣ በሌሊት፣ በዝናብ፣ በአውራ ጎዳና፣ ሦስት ጓደኞቹን ጭኖ መንዳት ይችላል፡፡ ኢንሹራንስ ኩባንያ የሚሸጠው ለችሎታ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም፤ ሊደርስ የሚችል አደጋን ተሸክሞ ዋጋ ይጠይቅበታል፡፡ አደጋው ሲሰፋ ዋጋው ይሰፋል፡፡

ሁለተኛው ምክንያት የወጣቶች ታሪክ ነው፡፡ በብሪታንያ ትራንስፖርት ሚኒስቴር አኃዝ መሠረት ከ17 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወንድ አሽከርካሪዎች ከ25 ዓመት በላይ ከሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ በአደጋ የመሞት ወይም ከባድ ጉዳት የመድረስ ዕድላቸው በአራት እጥፍ ይበልጣል፡፡ ቀደም ሲል በዚህ ምክንያት ሴት ልጆች ከወንዶች ያነሰ ይከፍሉ ነበር፡፡ የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2011 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ግን ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ጾታን ለዋጋ መለያ ማድረግ ቀርቷል፡፡

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፡፡ «መኪናዬ ሁለት ሺሕ ፓውንድ አይሞላም፤ እንዴት ለኢንሹራንሱ ከዚያ በላይ እጠየቃለሁ?» የሚል ወጣት ብዙ ነው፡፡ መልሱ ኩባንያውን ያስፈራው የእሱ መኪና አለመሆኑ ነው፡፡ በብሪታንያ ሕግ ለሦስተኛ ወገን የአካል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ጣሪያ የለውም፡፡ የመኪናው ተሳፋሪዎችም ሦስተኛ ወገን ናቸው፡፡ አንድ የ18 ዓመት ጓደኛ ዕድሜ ልኩን ከአልጋ የማይነሳ ቢሆን የሕክምናው፣ የአስታማሚውና ያጣው ገቢ ካሳ በሚሊዮን ፓውንድ ይቆጠራል፡፡ አሮጌ መኪና መግዛት ይህንን አይቀንሰውም፡፡

አራተኛው የንጽጽር ስህተት ነው፡፡ የለማጅ የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስ ርካሽ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ ከባለቤቱ ዋና ውል ላይ የተደረበ ስለሆነ ነው፡፡ ዋናውን ሸክም የተሸከመው የአባት ወይም የእናት ውል ነው፡፡ ልጁ ሲያልፍና የራሱን የዓመት ውል ሲገባ ስርቆቱንም፣ ቃጠሎውንም፣ ሦስተኛ ወገኑንም ለብቻው ይሸከማል፡፡ ስለዚህ ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሦስት እጥፍ ጨመረብኝ» ማለት ልክ አይደለም፤ የተገዙት ነገሮች የተለያዩ ናቸው፡፡

ጭማሪው ለሁሉም እኩል እንዳልሆነ ግን መናገር ይገባል፡፡ ዕድሜያቸው በሠላሳዎቹና ከዚያ በላይ ላሉ ለማጆች ጭማሪው አነስተኛ ሊሆን ይችላል፡፡ በራሱ ስም ዓመታዊ ውል ለገባ ለማጅ አንዳንድ ኩባንያዎች ካለፈ በኋላ ዋጋውን የሚቀንሱበትም ጊዜ አለ፡፡ ስለዚህ «በእርግጥ ይጨምራል» ብሎ ፈርቶ ዝም ማለት በሁለት በኩል ያከስራል፡፡

ሂሳቡ እንዴት ይሠራል?

ለማስረዳት ያህል ቁጥር ልውሰድ፡፡ አንድ ቤተሰብ ለማጁን ጨምሮ በዓመት 900 ፓውንድ ይከፍላል እንበል፡፡ ለማጁ ሲያልፍ የዚያው ውል የዓመት ዋጋ 1,320 ሆነ፡፡ ልዩነቱ 420 ፓውንድ ነው፡፡ ውሉ ሊያበቃ 5 ወር ከቀረው የሚጠየቀው የ420 አምስት አሥራ ሁለተኛ፣ ማለትም 175 ፓውንድ ነው፡፡ በዚህ ላይ ኩባንያዎች ውሉን ላስተካከሉበት የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ፡፡ 25 ፓውንድ ቢሆን ድምሩ 200 ይሆናል፡፡

ሰው የሚዘናጋው «ሁለት መቶ ፓውንድ ብቻ ነው የጨመረው» ብሎ ነው፡፡ ከአምስት ወር በኋላ ውሉ ሲታደስ ግን ሙሉው 1,320 ይመጣል፡፡ በየወሩ የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወለድ አለበት፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2017 ሰኔ ጀምሮ በአረቦን ላይ የሚከፈለው ታክስም 12 በመቶ ነው፡፡ በጀት ሲይዙ ማየት ያለብዎት የዓመቱን ሙሉ ዋጋ ነው፡፡

«በአንተ ስም ብናስገባውስ?»

የእህቴ ልጅ በ18 ዓመቱ ፈተናውን ሲያልፍ የመጀመሪያ ዓመት ኢንሹራንሱ ከመኪናው ዋጋ በለጠ፡፡ እህቴ ወደ እኔ ደወለች፡፡

«ወንድሜ፣ መኪናውን በአንተ ስም ብናስገባውስ? አንተ ዋና ሾፌር ትባላለህ፣ እሱ አልፎ አልፎ የሚነዳ ተብሎ ይጻፋል፡፡ ምን ይጎዳል?»

ለዘመድ መቆም ባህላችን ስለሆነ እምቢ ማለት ይከብዳል፡፡ ነገር ግን ይህ በእንግሊዝ ኢንሹራንስ ዓለም በደንብ የታወቀ የማጭበርበር ዓይነት ነው፡፡ መኪናውን በየቀኑ ወደ ኮሌጅ ይዞ የሚሄደው እሱ ሆኖ ሳለ ዋና ሾፌሩ እኔ ነኝ ማለት ሐሰተኛ መግለጫ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ መሠረት ሆን ተብሎ የተሰጠ ሐሰተኛ መረጃ ኩባንያው ውሉን እንዲሰርዝ፣ ካሳ እንዲከለክልና የተከፈለውንም አረቦን እንዲያስቀር ያስችለዋል፡፡ ውሉ ተሰረዘ ማለት ደግሞ ልጁ ያለ ኢንሹራንስ የነዳ ሆኖ 6 ነጥብ፣ በ6 ነጥብም መንጃ ፈቃዱ ሊሄድ ይችላል፡፡ ከዚያ በኋላ «ውል ተሰርዞብዎት ያውቃል?» ለሚለው ጥያቄ እኔም እሱም «አዎ» እያልን እንኖራለን፡፡

ለእህቴ ይህን ሁሉ ስነግራት ለጊዜው ቅር አላት፡፡ በተቃራኒው የተደረገው ነገር ግን የተፈቀደና ብዙ ጊዜም የሚጠቅም ነው፡፡ ልጁ ዋና ሾፌር ሆኖ፣ አልፎ አልፎ መኪናውን በእውነት የምትነዳው እናቱ በተጨማሪነት ተመዘገበች፡፡ የረጅም ጊዜ ንጹሕ ታሪክ ያለው ሰው በውሉ ላይ ሲኖር ዋጋው ቀነስ ሊል ይችላል፡፡ ለእሱም ቀነሰለት፡፡

በሕጋዊ መንገድ መቀነስ

ከሁሉ በላይ ወጣቶችን የሚረዳው መኪናው ላይ የሚገጠመው፣ «ጥቁር ሳጥን» የሚባለው መሣሪያ ነው፡፡ ዛሬ ዛሬ በስልክ አፕሊኬሽንም ይሠራል፡፡ ፍጥነትን፣ የፍሬን አያያዝን፣ የሚነዳበትን ሰዓትና ርቀት ይመዘግባል፡፡ በጥንቃቄ የሚነዳ ዋጋው ይቀንስለታል፤ የሚያጠፋ ይጨመርበታል ወይም ውሉ ይቋረጥበታል፡፡ አንዳንዱ ውል የሌሊት ሰዓት ገደብ ስላለው ማታ የሚሠራ ልጅ መጀመሪያ ይህን ያጣራ፡፡

ሁለተኛው የመኪናው ምርጫ ነው፡፡ ሞተሩ አነስተኛ፣ መለዋወጫው ርካሽና ያልተነካካ መኪና ይሻላል፡፡ ጎማና ጭስ ማውጫ ማስለወጥ ዋጋ ይጨምራል፤ ሳይናገሩ መቅረት ደግሞ ውሉን ያበላሻል፡፡ ስለዚህ መኪናው ከመገዛቱ በፊት ለተወሰነው ታርጋ ዋጋ ማስገመት ብልህነት ነው፡፡

ሦስተኛው አደጋ ሲደርስ ከራስ ኪስ የሚከፈለውን መጠን ከፍ ማድረግ ነው፡፡ አረቦኑ ይወርዳል፤ ነገር ግን በተጋጩ ማግስት ሊከፍሉት የማይችሉትን ቁጥር አይምረጡ፡፡ አብዛኞቹ ውሎች ለወጣትና ለአዲስ አሽከርካሪ ተጨማሪ ተቀናሽ በግዴታ ስለሚጥሉ ሁለቱን ደምሮ ማየት ያስፈልጋል፡፡

አራተኛው ጊዜ ነው፡፡ አዲስ ውል የሚገባ ሰው በመጨረሻው ቀን ከሚሯሯጥ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ዋጋ ቢያጠያይቅ በተለምዶ ርካሽ ያገኛል፡፡ ካለፉ በኋላ የሚወሰደውና እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው «ፓስ ፕላስ» የተባለ የስድስት ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና ቅናሽ የሚያስገኘው በአንዳንድ ኩባንያዎች ብቻ ስለሆነ፣ ገንዘቡን ከመክፈል በፊት ኩባንያውን መጠየቅ ይገባል፡፡

ከሁሉም የሚበልጠው ቅናሽ ግን በአንድ ቀን አይገኝም፡፡ አንድ ዓመት ካሳ ሳይጠይቁ መጨረስ «ኖ ክሌይም ቦነስ» የሚሉትን ቅናሽ ያስጀምራል፤ በየዓመቱም ያድጋል፡፡ ይህ ቅናሽ ባብዛኛው የሚጠራቀመው በራስ ስም ውል ላለው ሰው ነው፡፡ በእናቱ ውል ላይ አምስት ዓመት የነዳ ልጅ የራሱን ሲጀምር ከዜሮ ሊጀምር ይችላል፡፡ የመጀመሪያውን ውድ ዓመት ማራዘም ሁልጊዜ ትርፍ የማይሆነው ለዚህ ነው፡፡

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዘው ለሚሄዱ

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በታላቋ ብሪታንያ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወራት ያህል በዚያው መንዳት ይችላል፡፡ ኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዳቸው በቀጥታ ከሚቀየርላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ከዚያ በኋላ መንዳት የሚፈልግ ሰው የለማጅ ፈቃድ አውጥቶ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ማለፍ ግዴታው ነው፡፡

ይህ ማለት የእኛ ሰው ለኢንሹራንስ ሁለት ጊዜ «ይለወጣል» ማለት ነው፡፡ 12 ወሩ ያለቀ ቀን ሃያ ዓመት የነዳ ሰው እንኳ በሕግ ለማጅ ይሆናል፡፡ «ኤል» ይለጥፋል፤ ከጎኑ ሰው ያስቀምጣል፡፡ ፈተናውን ያለፈ ቀን ደግሞ እንደገና ባለ ሙሉ ፈቃድ ይሆናል፡፡ በሁለቱም ጊዜ ኩባንያው ማወቅ አለበት፡፡ የመጀመሪያውን መንገር የሚዘነጋ ብዙ ነው፤ ዓመቱ ማለቁን የሚያስታውስ ደብዳቤ ማንም ስለማይልክለት፡፡

የአገር ቤት ልምድ ዋጋ አለው ወይ ለሚለው፣ አብዛኞቹ ኩባንያዎች የሚቆጥሩት የብሪታንያው መንጃ ፈቃድ ከተገኘበት ቀን ጀምሮ ነው፡፡ ቢሆንም አዲስ አበባ ካለው ኢንሹራንስዎ «በዚህ ያህል ዓመት ካሳ አልጠየቀም» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ መሄድ አይጎዳም፡፡ ማመልከቻ ላይ ግን «መንጃ ፈቃድ ካገኙ ስንት ዓመትዎ ነው?» ለሚለው የአገር ቤቱን ዓመት ደምሮ በራስ ውሳኔ መጻፍ አደገኛ ነው፡፡ የትኛውን እንደሚፈልጉ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው፡፡

ከፈተናው በፊት የሚደረጉ ነገሮች

ከፈተናው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ውሉን አውጥተው «ፈተና ሳልፍ ምን ይሆናል?» የሚለውን አንቀጽ ይፈልጉ፤ ካላገኙት ይደውሉ፡፡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፡፡ ሽፋኔ በዚያው ቅጽበት ያበቃል ወይስ ይቀጥላል? ጭማሪው ስንት ነው፣ ሲታደስስ ስንት ይሆናል? የአገልግሎት ክፍያችሁ ስንት ነው? የጭማሪው ዋጋ ከበዛ ሌላ ኩባንያ ዘንድ የሙሉ ፈቃድ ዋጋ አስገምተው ያስቀምጡ፤ አሁን ያለዎትን ውል ማቋረጫ ክፍያም አብረው ያስሉ፡፡

በራስዎ ወይም በቤተሰብ መኪና የሚፈተኑ ከሆነ ያንን መኪና ለመንዳት ኢንሹራንስ ያለው ሰው አብሮዎት ይሂድ፡፡ ካለፉም ከወደቁም ወደ ቤት የሚነዳው እሱ ነው፡፡ ሲያልፉ ወዲያው ከፈተና ጣቢያው ይደውሉ ወይም በኩባንያው ድረ ገጽ ያስተካክሉ፤ አዲሱ የኢንሹራንስ ምስክር ወረቀት በኢሜይል እስኪደርስዎ ድረስ ቁልፉን አይንኩ፡፡

የእህቴ ልጅ ይህንኑ አድርጎ የመጀመሪያውን ዓመት በጥቁር ሳጥን ጨረሰ፡፡ ካሳ አልጠየቀም፤ ነጥብም የለበትም፡፡ በሁለተኛው ዓመት የመጣለትን ዋጋ ለእናቱ ሲያሳያት እሷም ለእኔ ደወለች፡፡ «በአንተ ስም አለማድረጋችን ደግ ሆነ» አለችኝ፡፡